የጭቃ ቤት ልጆች

እስኪ ዛሬ አንድ ነገር እንናዘዝ። ትምህርት ቤት እያለን ቤታችን ከምን እንደተሠራ ስንጠየቅ “ከብሎኬት” ብለን የዋሸን ልጆች ነን። የእኛ ቤት ጭቃ ነበር። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ክረምቱ የላጠውን ግድግዳ እማዬ ስታስመርግ፣ ጭቃ የምናቦካው እኛ እህትማማቾቹ ነበርን። አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር እንቀላቅላለን፣ ውኃ እናጠጣለን፣ ለቀናት እናሳድረዋለን፣ ከዚያ ቀሚሳችንን ሰብስበን በእግራችን! (ሽታውን ተዉት።) የክፍል ጓደኛ በዚያ ካለፈ ከበር ጀርባ ነበርን።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ይዘን መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ሄድን። ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ናቸው፤ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስሙ በወጣትነቱ በካንሰር ካረፈው ሠዓሊ ከዞማ ሽፈራው የተወሰደ ነው።

እንግዲህ እዚያ ግቢ ውስጥ ግድግዳው ራሱ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ያው ጭቃ፣ ያው ጭድ። ግን ጭቃው ላይ በእጅ የወጡ ክቦችና ጥምዝምዝ መስመሮች አሉ፤ ፀሐይ በጎን ስትመታቸው ጥላቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሰዉ ፎቶ ይነሳል። እኛም ተነሳን፤ ያውም ከፍለን ገብተን! ያ የደበቅነው ግድግዳ ዘመድ ፊት ቆመን ስንስቅ ትንሽ አፈርን።

እማዬ ፎቶ አላማራትም። ጠጋ ብላ ግድግዳውን ስታጠና ቆየችና “በደንብ ቦክቷል” አለች። ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሸሽ፣ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ጭዱ እንደሆነ፣ ጭድ ከሳሳ ምርጊቱ በዓመቱ እንደሚረግፍ አስረዳችን። ጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ ስለ ሥነ ጥበብ ስንት ገጽ ጽፈን፣ እማዬን አንድ ቀን ስለ ግድግዳ ጠይቀናት አናውቅም።

ቤታችን በ2006 ዓ.ም. ለመንገድ ፈርሷል። እኛ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው ብለን ደስ ብሎን ስለነበር፣ የፈረሰ ቀን የሄደችው እማዬ ብቻ ነበረች።

“ሲያፈርሱት ጭዱ ውስጥ ውስጡን እንደገባ ነበር” አለች፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳታነሳ። “ቢጫ። እናንተ አላያችሁትም እንጂ።”

ምን እንበል? ቡና አዘዝን። ቆይተን፣ ወሬ ለማምጣት ያህል፣ ጭቃውን ስንት ቀን ነበር የምናሳድረው ብለን ጠየቅናት።

“ረሳችሁት?” አለች።