ሽንኩርቱ የበሰበሰው የት ነው?

አራት ነን። ሦስታችን በትራንዚት ቢሮዎች ውስጥ ሂሳብ እንሠራለን፤ አራተኛዋ የአንድ መጋዘን ገንዘብ ያዥ ናት። የምንኖረው ጂቡቲ ከተማ ነው፣ የምናጠናው አምቡሊ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው፣ የምንፈተነው ደግሞ ኤሲሲኤ የሚባለውን የሂሳብ ባለሙያዎች ፈተና ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት የአራታችን ውድቀት ሲደመር አስራ አንድ ደርሷል። ቁጥሩን ደብቀነው ኖረናል። ዛሬ የምንጽፈው ልጁን ሂሳብ የሚያስተምር ነጋዴም፣ እንደኛ ሌሊት ሌሊት የሚያጠና የቢሮ ሠራተኛም ይህን እንደሚያነብ ስለምናውቅ ነው።

ፈተናውን ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ኤሲሲኤ እ.ኤ.አ. በ1904 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። አባል ለመሆን በሦስት ደረጃ የተከፈሉ 13 ፈተናዎች አሉ፤ ዲግሪ ያለው ሰው ትምህርቱ እየታየ ከመጀመሪያዎቹ የተወሰኑት ሊቀሩለት ይችላሉ። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በዓመት አራት ዙር አለ፤ በኛ አቆጣጠር የካቲት፣ ግንቦት፣ ነሐሴና ህዳር መጨረሻ ላይ ይውላል። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ በስልክ ይመጣል። 50 አለፈ፣ 49 ወደቀ። በመካከል ሌላ ነገር የለም።

ለምን እንደጀመርነውም እንናገር። አገር ቤት የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃዎች እንዲያቀርቡ ተደንግጓል። ይህን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቁሟል። ደረጃዎቹን አውቆ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ የአገራችን ገቢ ዕቃ ዋና በር ላይ ተቀምጠን የሰው ፋክቱርና ዲክላራሲዮን ስንመዘግብ እንውላለን። ከምዝገባ ከፍ ያለ ሥራ ፈለግን።

መጀመሪያ ስንወድቅ «ልምድ ነው» አልን። ሁለተኛ ስንወድቅ በሙቀቱ አሳበብን፤ ካምሲን ሲነፍስ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ላብ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ማን ያጠናል? ሦስተኛ ስንወድቅ መነጋገር አቆምን። አንዳችን ግድግዳው ላይ በትልቁ «ይቻላል!» ብሎ የለጠፈው ወረቀት ነበር፤ ማጣበቂያው በሙቀቱ ቀልጦ ወረቀቱ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

ከሁሉ የከበደው ገንዘቡ አልነበረም፤ ቤተሰብ ነው። እሁድ እዚህ የሥራ ቀን ነው። የአንዳችን እናት ግን ሁልጊዜ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ነው የሚደውሉት። «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ሲሉት «ገና ነው እማዬ፣ እንግሊዞቹ እርማት ላይ ይዘገያሉ» ይላቸዋል። አራት ወር እንዲህ አላቸው። እናት ናቸውና ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር ሰሙ፤ የተሳሳተ ነገር ነበር የሰሙት። ከሥራ የተባረረ መሰላቸው። ለቤት ኪራይ ይሁነው ብለው ያጠራቀሙትን ብር በሚያውቁት ሹፌር እጅ ሊልኩለት ሲሉ ነው እህቱ ደውላ የነገረችው። ያን ቀን ምሳ አልበላም። የፈተና ክፍያ የጎዳው እሱን ነበር፤ ውሸቱ ግን እናቱን ሊያስከፍላቸው ነበር።

ሐምሌ መግቢያ ላይ የግንቦቱ ውጤት መጣ። ከተፈተንነው ሦስታችንም ወደቅን። በማግስቱ ከድሬዳዋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያስመጡ አንዲት እናት ሂሳባቸውን ሊያሳዩን መጡ። እኛ እትዬ ነው የምንላቸው።

«ምነው? ሰው ሞተባችሁ እንዴ?»

«ወደቅን፣ እትዬ።»

«ስንተኛችሁ ነው?»

ነገርናቸው። ብዙም አልደነገጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «እሺ፣ የት ላይ ነው የከሰራችሁት?» አሉን። እርስ በርስ ተያየን። መልስ አልነበረንም።

«እኔ ሽንኩርት ሲበሰብስብኝ ‹ዕድሌ ነው› ብዬ አልቀመጥም» አሉ። «ስንት ጆንያ ነው ብዬ እቆጥራለሁ። ከዚያ የት ነው የበሰበሰው እላለሁ። ድሬዳዋ ሲጫን እርጥብ ነበር? ደወሌ ላይ መኪናው ቆሞ ፀሐይ በላው? ወይስ እዚህ ደርሶ መጋዘን ውስጥ ታፈነ? የሦስቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። ሲጫን ከሆነ የሚገዛልኝን ሰው እቀይራለሁ፤ መንገድ ላይ ከሆነ ሹፌሩን፤ እዚህ ከሆነ መጋዘኑን። ይህን ሳላይ ሌላ ጭነት ካዘዝኩ ነጋዴ አይደለሁም፣ ቁማርተኛ ነኝ።»

አፈርን። የባንኩና የእኛ መዝገብ በ500 ፍራንክ ቢለያዩ እስኪገኝ ድረስ ቤት የማንሄድ ሰዎች ነን። የራሳችንን ኪሳራ ግን አንድ ቀን አልፈተሽነውም። በወደቅን ቁጥር ያንኑ መጽሐፍ ከገጽ አንድ ጀምረን እናነብ ነበር።

በዚያው ምሽት አንድ ትልቅ ወረቀት በሦስት ከፈልን፦ ሲጫን፣ መንገድ ላይ፣ ሲራገፍ። የተፈተንበት ወረቀት ታርሞ አይመለስም። ስለዚህ የምናስታውሰውን ጻፍን፣ ከዚያም ማኅበሩ በነጻ በከፈተው የመለማመጃ ገጽ ላይ ሰዓት ይዘን ሙሉ ፈተና ሠራን። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስናደርግ የመጀመሪያችን ነበር። ያየነውን እንንገራችሁ።

ሲጫን የበሰበሰው ይህ ነው። ብዙ እናነባለን፣ ጥቂት እንሠራለን። ጥያቄውን አንብበን ወዲያው መልሱን እንገልጣለን፤ «አዎ፣ ገብቶኛል» ብለን እናልፋለን። የተሠራ መልስ ሲያዩ መረዳት ቀላል ነው። ባዶ ገጽ ላይ ስንቀመጥ ግን ያ «የገባን» ነገር ከግማሽ በላይ አልነበረም።

መንገድ ላይ የበሰበሰው ደግሞ ሰዓት ነው። የፋይናንሻል ሪፖርቲንግ ፈተና ሦስት ሰዓት ማለትም 180 ደቂቃ ነው፤ ለመቶ ነጥብ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ይደርሳል። ባለ 20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ ብቻ አለው። ከእኛ አንዱ የእናት ድርጅትንና የቅርንጫፉን ሂሳብ በሚያጠቃልለው ጥያቄ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጧል፤ ምክንያቱም ሚዛኑ አልገጠመለትም። በሥራችን ሚዛን ሳይገጥም መነሳት ነውር ነው። በፈተና ግን ነጥብ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ያልገጠመ ሚዛን ይዞ ማለፍ ይቻላል፣ ሌላውን ጥያቄ ባዶ ትቶ ማለፍ ግን ይከብዳል። እንጀራችን የሆነው ልማድ ነው ያጣለን።

ሲራገፍ የበሰበሰው አጻጻፋችን ነው። የኦዲት ፈተና አብዛኛው ነጥቡ በጽሑፍ መልስ ላይ ነው። «አብራራ» ሲለን እንዘረዝራለን። ለምሳሌ ስለ መጋዘን ድክመት ሲጠየቅ «ቆጠራ አይደረግም» ብለን እናልፋለን፤ የሚፈለገው ግን «ቆጠራ ስለማይደረግ የጠፋ ዕቃ እንዳለ ሆኖ በሂሳቡ ላይ ይታያል፣ ትርፉም ከእውነቱ በላይ ይሆናል» የሚል ነው። ቋንቋውም አለ። ጠዋት በፈረንሳይኛ «አሞርቲስማን» እያልን ውለን፣ ከሰዓት ከሹፌር ጋር በአማርኛና በሶማሊኛ ተነጋግረን፣ ማታ በእንግሊዝኛ «ዲፕሪሲዬሽን» ብለን መጻፍ አለብን። ፈታኞቹ ከየዙሩ በኋላ ተፈታኞች የት እንደሳቱ የሚገልጽ ሪፖርት በነጻ ያወጣሉ። ለሦስት ዓመት አጠገባችን ነበር፣ አንድም ቀን አልከፈትነውም።

ያን ወረቀት ሞልተን ስንጨርስ አንድ የሚገርም ነገር ተሰማን፤ ቀለለን። የጨመረልን ተስፋ አልነበረም። «ሰነፍ ነን፣ አንችልም» የሚለው ትልቅ ድንጋይ ተሰብሮ ሦስት የሚነሱ ሥራዎች ሆነ። ከዚያ በኋላ ሞራል ፍለጋ ቪዲዮ አላየንም። ጥናቱን ከምሽት ወደ ንጋት አዞርነው፤ ከአስር ሰዓት ተኩል ሌሊት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ። አርብ ከሥራ እረፍት ስለሆነ ጠዋት ሰዓት ይዘን ሙሉ ፈተና እንሠራለን፣ ከዚያ አንዳችን የሌላውን እናርማለን። 36 ደቂቃ ሲሞላ እጅ ይነሳል፣ ሚዛኑ ገጠመም አልገጠመም።

ለፈተና ወደ አዲስ አበባ የምንሄደው ከናጋድ በባቡር ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ጨዋታ ይነሳል፤ አንድ ጊዜ ስለ ድሮው ባቡር ተነሳ። የድሮው ሐዲድ ሥራ እዚህ ጂቡቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰና እዚያው ለዓመታት ቆመ። በ1907 ኩባንያው ከሰረ። ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ሃያ ዓመት ማለት ነው። እኛን የያዘን የሃያ ዓመቱ ትዕግሥት ብቻ አልነበረም። ሐዲዱ ከድሬዳዋ የተነሳው በከሰረው ውል አይደለም፤ ኩባንያው ተለውጦ፣ ገንዘቡም እንደገና ተመቻችቶ ነው።

ስለ አራተኛችንም መናገር አለብን፤ አቁሟል። ከፈተናዎቹ አንዱ፣ ፐርፎርማንስ ማኔጅመንት የሚባለው፣ የሚያስተምረን ነገር አለ፦ ውሳኔ ስትወስን ቀድሞ የወጣውን ወጪ አትቁጠር፣ ከዛሬ በኋላ የሚወጣውንና የሚገባውን ብቻ አስላ። እሱ አሰላ። ያልፈተናቸው ስምንት ነበሩ፤ የመጨረሻው ደረጃ ደግሞ ከዚያ ደረጃ የመጀመሪያውን ካለፉ በኋላ ቀሪውን በሰባት ዓመት ውስጥ መጨረስ ይጠይቃል። ሁለት ታናናሾቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። ዛሬ ለሁለት ነጋዴዎች ሂሳብ ይይዛል፤ ደንበኞቹ ደስተኞች ናቸው። «ይህን ሁሉ ከከፈልኩ በኋላ እንዴት አቆማለሁ?» እያለ ቢቀጥል ኖሮ ያጠናውን ራሱን ባልተረዳ ነበር። አርብ ጠዋት አሁንም ይመጣል፤ ሰዓት የሚይዝልን እሱ ነው።

ለቤተሰብ አንድ ልመና አለን። ልጃችሁ ፈተና ወድቆ ሲመጣ «ስንት ጊዜ ነው የምትወድቀው?» አትበሉት፤ ቁጥሩን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። «ጎበዝ ነህ፣ ታልፋለህ» ብላችሁም አትለፉት። «የት ላይ ከበደህ?» በሉት፤ መልሱን ባትረዱትም ስሙት፤ ሲነግራችሁ ለራሱም ይገለጥለታል። የወደቃችሁ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለቤት ተናገሩ። ወደብ ላይ ሳይነሳ የቆየ ኮንቴይነር ደመሬጁ በየቀኑ እንደሚቆጥር እናንተ ታውቃላችሁ፤ ያልተነገረ ውድቀትም እንዲሁ ነው።

የህዳሩ ውጤት ከመጣ ጥቂት ሆኖታል። አንዱ በ54 አለፈ፣ ሌላው በ51። ገንዘብ ያዧ 47 አመጣች፤ ካሁን በፊትም 47 ነበር ያመጣችው። በዚያው ማታ ለእናቷ ደወለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋች። ሰዓቷን ጠብቃለች፣ ባዶ የተወችው ጥያቄ የለም። የቀራት ሲራገፍ ያለው ነው፤ አሁንም የምትዘረዝርበት ቦታ አለ።

እትዬ ወሬውን ሰምተው መጡ። እንኳን ደስ ያላችሁ ከማለታቸው በፊት «ስንቱ ደረሰ?» አሉን።

«ከሦስት ሁለቱ፣ እትዬ።»

«ሦስተኛውስ?»

«የት እንደቀረ አውቀነዋል» አለቻቸው ገንዘብ ያዧ ራሷ። ለየካቲቱ ተመዝግባለች። አርብ ጠዋት የምትጽፈው አምስት የኦዲት ጥያቄ ነው፤ አራሚዎቹ እኛ ነን።