ዓሣው ሲጠግብ ውሃው ይታመማል

በከተማችን በአንዳንድ ሆቴሎችና በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍሎች ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበትን የመስታወት ገንዳ ሳታዩ አልቀራችሁም። ልጅ ይዛችሁ ወረፋ ስትጠብቁ፣ ልጁ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ጸጥ ሲልላችሁ፣ «ይህን ለቤቴ ባገኘው» ብላችሁ ተመኝታችሁም ይሆናል። በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ጨው በሌለው ውሃ የሚኖረው ዓሣ ነው። የባሕር ውሃ ገንዳ፣ ያውም ኮራል የሚያድግበት ገንዳ፣ ከዚህ የተለየ ነው። ኮራል ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ አፍና ሆድ ያላቸው ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ነገር ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በትምህርት ቤት አይደለም። ከ2004 እስከ 2009 ዓ.ም. በጅዳ ከተማ በቤት ሠራተኛነት ስኖር፣ ከልብስ አጠባውና ከወጥ ቤቱ ሥራ ጋር 400 ሊትር የሚይዝ የባሕር ገንዳ የመጠበቁ ሥራ በእኔ ላይ ስለ ወደቀ ነው።

መቼም ቤት የምታስተዳድር ሴት ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅባትም። ባሕር ሰፊ ነው፤ ዓሣ የበላው ትራፊና የጣለው ኩስ በማዕበልና በሞገድ ተበትኖ ይጠፋል። በገንዳ ውስጥ ግን የገባው ሁሉ እዚያው ነው። የዓሣው ምግብ ሲበሰብስ መጀመሪያ አሞኒያ ይሆናል፤ ይህ ለዓሣ መርዝ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እንደ እንጀራ እርሾ ናቸው። አዲስ ገንዳ ላይ እስኪበረክቱ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው፤ ሳይጠብቁ ዓሣ የሚያስገቡ ሰዎች ዓሣቸውን ይቀብራሉ። ናይትሬት ከአሞኒያ ይልቅ ጉዳቱ የቀለለ ነው፤ ሲከማች ግን ኮራሉን ያሳምማል፣ አልጌ የሚባለውን የውሃ ሣርም ይመግባል። ከምግቡ ጋር አብሮ የሚገባው ፎስፌት ደግሞ ከዚህ የባሰ ግትር ነው። ናይትሬቱን በድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ፣ ኦክሲጅን በማይደርስበት ቦታ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ስለሚለውጡት ወደ አየር ይወጣል። ፎስፌት ግን በአየር የሚወጣበት መንገድ የለውም፤ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ገንዳው ታመመ። ውሃው እንደ ጠበል የጠራ ነበር፤ ይህንን ልብ በሉልኝ። ነገር ግን ድንጋዩን ሁሉ አረንጓዴ ጸጉር ሸፈነው፤ ኮራሎቹ ተኮማትረው አልከፈት አሉ፤ ከመካከላቸውም በውድ የተገዛው አንዱ ሥጋው እየተላጠ ነጭ አጽሙ ብቻ ቀረ። ማዳም፣ «ሳሙና በነካው እጅሽ ነክተሽ ነው» አለችኝ። ከዓሣ መሸጫ ሱቅ በወር አንድ ጊዜ እየመጣ መስታወቱን ወልውሎ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰውም ይህንኑ ደገመላት። የዚያ ወር ደመወዜ 800 ሪያል ተያዘ። ያ ገንዘብ አዲስ አበባ ለእናቴና ለልጄ የምልከው ነበር። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈልበት ወር ስለ ነበረ እናቴ ከጎረቤት ተበደረች።

የቤቱ ትልቁ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ነገር የሚመረምር፣ ዝም ብሎ የማይፈርድ ልጅ ነው። የውሃ መመርመሪያ ገዝቶ መጣ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ትንሽ ውሃ በብልቃጥ ይቀዳል፣ መድኃኒቱ በጠብታ ይጨመርበታል፣ የሚመጣው ቀለም ከወረቀት ጋር ይመሳከራል። ናይትሬቱ በሊትር 80 ሚሊግራም ሆነ። ፎስፌቱ ከ1 ሚሊግራም አለፈ። ለኮራል ገንዳ የሚበጀው ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ገደማ ነው። ሳሙና እንዲህ ያለ ቁጥር አያመጣም፤ ይህ የምግብ ቁጥር ነው።

ማን ያበላ እንደ ነበር ልንገራችሁ። ሐጃ ብለን የምንጠራቸው የባለቤቱ እናት ከጠዋት ጸሎት በኋላ ያበሉ ነበር። ሁለቱ ትንንሽ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያበላሉ። አባትየው ማታ ከሥራ ሲገባ ያበላል። ዓሣ ደግሞ ሰው ባየ ቁጥር ወደ መስታወቱ እየሮጠ አፉን የሚከፍት ፍጥረት ነው፤ የሚለምን ይመስላል። ሐጃ፣ «የተራበ እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ?» ይሉ ነበር። እኔ እኒያን ሴት በዚህ አልወቅሳቸውም፤ የእኛም እናቶች እንግዳ ጠግቤያለሁ ሲል ሌላ ጭልፋ ይጨምራሉ።

ልጁ ውሃ በብዛት እንለውጥ አለ። ሂሳቡን አብረን ሠራነው። በየሳምንቱ ከ400 ሊትሩ 40 ብንለውጥ ናይትሬቱ ከ80 ወደ 72፣ ከዚያ ወደ 65፣ ከዚያ ወደ 58 ይወርዳል፤ በወሩ መጨረሻም ገና ከ50 በላይ ነው። ይህም በመካከሉ ምንም ምግብ ካልገባ ነው። ውሃ መለወጥ የተዘጋ ቧንቧ እንዳለበት ቤት በባልዲ እንደ መቅዳት ነውና ምንጩን መያዝ ነበረብን። ምግቡን በአንዲት ትንሽ ክዳን ለክቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ የቀኑ ድርሻ ያችው ናት። የማብላቱንም ሥራ ለሐጃ ብቻ ሰጠናቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሹመት አደረጉት፤ ልጆቹ ወደ ገንዳው ሲቀርቡ «እኔ አብልቻለሁ» እያሉ ይመልሷቸው ጀመር። ለልጆቹ የመመርመሪያውን ቀለም ማንበብ ተሰጣቸው። በበረዶ የሚሸጠው የባሕር ትል መሰል ምግብም ከመሰጠቱ በፊት ቀልጦ በወንፊት እንዲታጠብ አደረግሁ፤ የቀለጠው ጭማቂ ራሱ ውሃውን ያቆሽሻልና።

ከገንዳው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ማጣሪያዎቹ አሉ። የመጀመሪያው የጨርቅ ከረጢት ነው፤ ቆሻሻውን ይይዛል፤ ይዞ ግን እዚያው ያበሰብሰዋል። የሱቁ ሰው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይለውጠው ነበር፤ እኔ በየሦስት ቀኑ አድርጌው ያለ ሳሙና ማጠብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ስኪመር የሚባል አረፋ ሰብሳቢ ነው። ቅቅል ስንቀቅል ከላይ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ እንደምንገፈው፣ ይህ መሣሪያ ደቃቅ የአየር አረፋ እየነፋ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቅባትና ቆሻሻ አረፋው ላይ አስለጥፎ ወደ ጽዋ ይሰበስባል። በጽዋው የሚጠራቀመው እንደ ጠላ አምቡላ የጠቆረና የሚከረፋ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው አልልም። የጽዋው አንገት በቆሻሻ ከተለጠፈ አረፋው መውጣቱን ያቆማልና በየሁለት ቀኑ መወልወል አለበት። ሦስተኛው እኔ የወደድኩት ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የመሰለ፣ ኬቶሞርፋ የሚባል የባሕር ሣር በትንሽ ክፍል ውስጥ ማታ ማታ መብራት እየበራለት ይበቅላል። ናይትሬቱንና ፎስፌቱን በልቶ ያድጋል፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እፍኝ ነቅሎ መጣል ነው። ያንን በእጄ ይዤ ስወጣ ቆሻሻው ከቤቱ ሲወጣ ይታየኝ ነበር። ልጁ እንዳጫወተኝ፣ ሊ ቺን ኢንግ የተባለ የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ሕይወት ካለው የባሕር ድንጋይና ከአየር አረፋ በስተቀር ያለ ብዙ መሣሪያ ገንዳ እንዴት እንደሚጠበቅ ጽፎ ነበር።

በአራት ወር ናይትሬቱ ወደ 10 ወረደ። ፎስፌቱ ዘገየ፤ ከድንጋዩ ውስጥ እየወጣ ይመለስ ነበርና። እዚህ ላይ ልጁ ትዕግሥቱ አለቀ። ፎስፌት የሚስብ፣ የዝገት ፍርፋሪ የመሰለ የብረት ጥራጥሬ አምጥቶ አበዛው። ሁለቱም ቁጥሮች ዜሮ ሆኑ፤ እርሱም ጮቤ ረገጠ። ብዙም ሳይቆይ ኮራሎቹ ቀለማቸው ነጣ፤ አሸዋውም ላይ አረፋ የቋጠረ፣ ንፍጥ የመሰለ ቡናማ ነገር ተዘረጋ፤ ስሙ ዳይኖፍላጀሌት ነው፤ ባዶ ውሃ ላይ ተፎካካሪ ሲያጣ የሚስፋፋ ነው። ለካ ኮራል ሥጋው ውስጥ ብርሃን እየተቀበሉ ምግብ የሚሠሩለት ጥቃቅን አልጌዎች አሉት፤ እነርሱም ጥቂት ናይትሬትና ጥቂት ፎስፌት ይፈልጋሉ። ጥራጥሬው ወጣ፣ የሐጃ ክዳን በትንሹ ተጨመረላት፣ ኮራሎቹም ከሁለት ወር በኋላ ቀለማቸውን መለሱ። ጅራቱ ቢጫ፣ አካሉ ሐምራዊ የሆነው የቀይ ባሕር ዓሣም የቀረውን አልጌ ከድንጋዩ ላይ እየለቀመ ጨረሰው።

የተያዘብኝ 800 ሪያል አልተመለሰም። ማዳም ጥፋቱ የእኔ እንዳልነበረ በአፏ አልተናገረችም፤ የሱቁን ሰው ግን አሰናበተችው፤ የእርሱም ክፍያ እኔ እስክወጣ ድረስ በየወሩ ከደመወዜ ጋር ይሰጠኝ ጀመር። በልጁ ምክንያት እንጂ በራሷ ፈቃድ አይመስለኝም። ቁጥሮቹን በየቀኑ የጻፍኩበት ደብተር ዛሬም አለኝ።

እንግዲህ እዚህ አገር ለልጆቻችሁ ዓሣ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ የባሕሩን አትሞክሩት እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ ውሃው ሲተንም ጨው ስለማይተን፣ ሲንተከተክ እንደ ዋለ ወጥ ጨዉ እየበረታ ይሄዳል፤ በየቀኑ የተጣራና ጨው የሌለው ውሃ መጨመር ያሻዋል። ጨው በሌለው ውሃ የሚኖረውን ዓሣ ግን መያዝ ይቻላል። አረፋ ሰብሳቢ አትግዙለት፤ በእንዲህ ያለ ውሃ እምብዛም አይሠራምና። የቧንቧውን ውሃ በሰፊ ሳፋ ክፍቱን አሳድራችሁ ክሎሩ ሲወጣለት ጨምሩ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከአንድ ወይም ከሁለት ዓሣ በላይ አታስገቡ፤ ማጣሪያውንም ስታጥቡ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይሁን፤ ክሎር ያለበት የቧንቧ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ምግቡም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሁን፤ የሚያበላውም በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ይሁን።