ወሬና መዝገብ

አንባቢዎቼ፣ አንድ ሰው ጠጥቶ መኪና ሲነዳ ቢያዝ ነገሩ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንደኛው በሰው አፍ ነው፤ ሁለተኛው በፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በሰው አፍ ያለውን ለማግኘት ድካም የለበትም፤ ቡና ወደ ተፈላበት ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ሁለተኛውን ግን፣ ይልቁንም መዝገቡ ያለው በአሜሪካን አገር በአንድ የገጠር ካውንቲ ውስጥ ከሆነ፣ ከየት ተነሥቶ እንደሚፈለግ የሚያውቅ በመካከላችን ብዙ ሰው አይመስለኝም። እኔ በ2017 ዓ.ም. ፈልጌው ነበርና ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተምርበት ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። የበኩር ልጃቸው በቴክሳስ ግዛት የከባድ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ይህ ልጅ ለሰባት ወር ያህል ድምፁ ጠፋ፤ ስልኩ አይነሣም፤ በየወሩ የሚልከው ገንዘብም ቆመ። ለፋሲካ ከዚያ አገር የመጣ አንድ ሰው «ሰክሮ ሲነዳ ሰው ገድሎ ሃያ ዓመት ተፈርዶበታል» የሚል ወሬ ይዞ ገባ። ወሬው ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ወይዘሮዋ የታናሽ ልጃቸው አስተማሪ ስለ ሆንሁና እንግሊዝኛም ስለማውቅ ወደ እኔ መጡ። ይህን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስምም አልጠቅስም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፣ አሜሪካን አገር ሁሉን የያዘ አንድ መዝገብ ቤት የሌለ መሆኑ ነው። ሰክሮ የነዳ ሰው በአብዛኛው የሚከሰሰው በግዛቱ ሕግ ነው፤ የሚዳኘውም ድርጊቱ በተፈጸመበት ካውንቲ ነው እንጂ በሚኖርበት አይደለም። ካውንቲ ማለት በእኛ አገር ወረዳ እንደምንለው ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው። ቴክሳስ ብቻዋን 254 ካውንቲዎች አሏት። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አላቸው፤ ሎቪንግ በምትባለው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ የተገኙት 64 ሰዎች ብቻ ናቸው። ስልሳ አራት! ከማስተምራቸው ክፍሎች አንዱ ከዚህ ይበልጣል።

የልጁ አንድ ዘመድ ዳላስ ከተማ ስለሚኖር በዚያው በዳላስ አስፈልጎ «ምንም የለም» ተብሎ ነበር። ይህም ወሬውን ከማብረድ ይልቅ አባባሰው፤ «ነገሩ ከባድ ስለ ሆነ ደብቀውት ነው» ተባለ። የተደበቀ ነገር ግን አልነበረም። አብሮት የሚሠራ ሾፌር ተፈልጎ ሲጠየቅ፣ ልጁ የተያዘው ከዳላስ ወደ ምዕራብ በሚወስደው በ20 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ መሆኑን ነገረን። የከተማዋ ስም ከታወቀ ካውንቲዋን ማግኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መዝገቡ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በቴክሳስ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰክሮ ሲነዳ የተያዘና በሰው ላይ ጉዳት ያላደረሰ ሰው የሚከሰሰው በቀላል ወንጀል ነው፤ ወረቀቱም የሚቀመጠው በካውንቲው ጸሐፊ ዘንድ ነው። ሦስተኛ ጊዜው የሆነ ወይም ሰው የገደለ ግን በከባድ ወንጀል ይከሰሳል፤ መዝገቡም የዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከየትኛው ክፍል እንደ ወጣ ማወቁ ብቻ የነገሩን ግማሽ ይናገራል። ሕዝባቸው ከ8,000 በሚያንስ ካውንቲዎች ግን የግዛቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱን ሥራ አንድ ጸሐፊ እንዲይዝ ይፈቅዳል። እኛ የፈለግናት ካውንቲም እንደዚሁ ናት፤ ሁለቱንም የምትይዘው አንዲት ሴት ናት።

በግንቦት ወር የእነርሱ ቢሮ የሚከፈተው በእኛ ከቀኑ በ10 ሰዓት ስለ ሆነ፣ እኔ ከክፍል ስወጣ እሷ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ደወልሁ። የልጁ እናት ማን እንደ ሆኑ፣ እኔ ማን እንደ ሆንሁ የሚያስረዳ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሴትዮዋ ግን የጠየቀችኝ ስሙንና የተወለደበትን ቀን ብቻ ነው። «አንተ ምኑ ነህ?» አላለችኝም። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን መዝገብ ማንም መንገደኛ ገብቶ ሊያየው ይችላል፤ ምክንያቱንም አይጠየቅም። እኛ አገር መዝገብ ቤት የገባ ሰው የመዝገብ ቁጥር ካልያዘ፣ ቢይዝም ባለጉዳይ ካልሆነ፣ ምን እንደሚገጥመው ቢሮ ውስጥ የምትሠሩ አንባቢዎቼ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ይናገራል። ችሎቱ ለሕዝብ ግልጽ ከሆነ የመዝገቡ በር ስለ ምን ይጠባል? ይህ የእኔ ጥያቄ ነው፤ ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ሴትዮዋ ፈልጋ «በዚህ ስም ማንም የለም» አለችኝ። እዚህ ላይ ችግሩ የሕግ ሳይሆን የሰዋስው ነበር። የልጁ አባት ስም እንደ ወልደ ገብርኤል ወይም እንደ ኃይለ ማርያም ያለ፣ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው። ለእኛ አንድ ስም ነው። በዚያ አገር ግን የመጨረሻው ቃል ብቻ የቤተሰብ ስም ይሆንና የፊተኛው እንደ መካከለኛ ስም ተቆርጦ ይቀራል። በዚህ ላይ ጸ፣ ቀ እና ጠ በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ይለዋወጣሉ። የልደት ቀኑም ሌላ መከራ ነው፤ በእኛና በእነርሱ አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ ቀኑ በውል ስላልታወቀም በወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ የሆኑ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። የስሙን አጻጻፍ እየለዋወጥሁ ፊደል በፊደል ስነግራት በሦስተኛው ላይ «አንድ አለ» አለች። የዚህን ጊዜ ልቤ እንዴት እንደ መታ አልነግራችሁም።

ለአንድ ገጽ 1 ዶላር ነው አለችኝ። ገጹ ስድስት ነው። ስድስት ዶላር ከእኛ ከተማ ወደ ቴክሳስ መላክ መዝገቡን ከማግኘት ይልቅ የሚከብድ ስለ ሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በዚያው ከፈለልኝና ወረቀቱ በሁለተኛው ቀን በኢሜይል ደረሰኝ። በነገራችን ላይ፣ በኢንተርኔት «የማንኛውንም ሰው መዝገብ እናወጣለን» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ፤ ዋናው ወረቀት ያለው ግን ከጸሐፊዋ ዘንድ ነው። ሸሪፉ ሰውየውን ሲይዝ የሚጽፈውም ፍርድ አይደለም። መያዝ ሌላ፣ መከሰስ ሌላ፣ መፈረድ ሌላ ነው፤ የስድስቱ ገጽ ዋጋ ሦስቱን ለይቶ ማሳየቱ ነው።

በመጀመሪያ የፖሊሱ የመሐላ ቃል አለ። ቀጥሎ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስ፤ ከዚያም ልጁ ጥፋቱን ማመኑን የፈረመበት ወረቀት፤ በመጨረሻ ፍርዱ። የ180 ቀን እሥራት፣ ነገር ግን ተገድቦ ለአንድ ዓመት በቁጥጥር ሥር በውጭ እንዲቆይ፤ መቀጫና የፍርድ ቤት ወጪ። የሞተ ሰው የለም። የተጋጨ መኪናም የለም። በሌላውም መዝገብ በስሙ የተከፈተ ነገር እንደሌለ ጸሐፊዋ አይታ ነገረችኝ።

ታዲያ «ሃያ ዓመት» ከየት መጣ? በዚያ ግዛት ሰክሮ ሲነዳ ሰው የገደለ ከ2 እስከ 20 ዓመት ይታሠራል። አንድ ሰው ይህን ሕግ ሰምቶ ኖሯል፤ ሌላው በልጁ ራስ ላይ ደፋው። ልጁ ለምን እንደ ጠፋ ግን መዝገቡ አይናገርም። እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው፦ በአገሪቱ ሕግ የከባድ መኪና ፈቃድ ያለው ሰው፣ በትንሽ የግል መኪናው ላይ ሳለም ቢሆን፣ በዚህ ወንጀል ከተፈረደበት ለአንድ ዓመት ከሥራው ይታገዳል፤ ሁለተኛ ከደገመው እገዳው የዕድሜ ልክ ነው። እንጀራው የተቋረጠበት ልጅ ለእናቱ ደውሎ ምን ይበል?

የአንድ ሰው ኀፍረት ለማንም መንገደኛ በ1 ዶላር መሸጡ ደስ ይላል ወይ ብትሉኝ፣ አያስደስትም። ራሳቸው ቴክሳሶችም ሳያስቡበት አልቀሩም፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟላ መዝገቡ ለሕዝብ እንዳይገለጥ ፍርድ ቤቱን ሊለምን ይችላል። ነገር ግን ወሬ ማንንም ሳያስፈቅድ በየደጁ በሚዞርበት ቦታ ወረቀቱ ተቆልፎበት ቢሆን ኖሮ፣ እኒህ እናት የነፍሰ ገዳይ እናት ሆነው ይቀሩ ነበር።

ወይዘሮዋን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኋቸው። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ፣ «ሰው ሞቷል ወይ?» ብለው ነው።

«የለም፣ እማማ። ማንም አልሞተም።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«አዎን፤ ራሱም አምኗል።»

ብዙ ዝም አሉ። ኋላም «እንግዲያው ዕዳ ነው እንጂ ደም አይደለም» አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው ገለባብጠው አዩና፣ «ማኅተሙ የታለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማን ያምናል? እንደገና ደውዬ ማኅተም ያለበትን ግልባጭ አስላክሁ፤ እሱም በሰኔ ወር በሰው እጅ መጣ። ወይዘሮዋ ይዘውት ወደ ዕድራቸው ስብሰባ ሄዱ፤ አማርኛውን እኔ አነበብሁላቸው። ያ ወሬ ያመጣው ሰውዬ ያን ጊዜ ወደ አሜሪካን ተመልሶ ነበር።

በክሱ ወረቀት ላይ የልጁ አድራሻ ተጽፎ ስላገኘሁ ደብዳቤ እንድጽፍለት ለመኑኝ።

«ወረቀቱን እንዳየነው እንዳትነግረው፣ ልጄ» አሉኝ። «ክረምቱ ደህና ገብቷል በለው። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቡሬ ናት በለው። ገንዘብ አልቸገረኝም በለው።»

እንዳሉት ጽፌ ከግርጌው የእኔን ስልክ ቁጥር ጨመርሁበት።