ስድስት ሳምንት ዓሣ የሌለው አኳሪየም

ስለ ፈተና ጥናት ምክር የጠበቃችሁ ካላችሁ አፉ በሉኝ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለ ውኃ፣ ስለ አፈርና ስለ ቅጠል ነው። ከግቢ ውጭ የተከራየንበት ክፍል የመጣ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አኳሪየም አይቶ "እንዴት ነው የተሠራው?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ኢንሻ አላህ ሰኔ ላይ እመረቃለሁ፤ አኳሪየሙ ተረካቢ ይፈልጋል። ተረካቢው ምን እንደሚረከብ እንዲያውቅ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አኳሪየም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሆቴል መግቢያ ላይ ያለው ነው፤ ሰማያዊ ጠጠር፣ የፕላስቲክ ዛፍ፣ አረፋ የሚተፋ መጫወቻ። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። እዚህ ዋናው ነገር ዕፅዋቱ ናቸው፤ ዓሣው እንግዳ ነው። ይህን የውኃ ውስጥ አትክልት ጥበብ በዓለም ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (1954–2015 እ.ኤ.አ.) ነው። በመጨረሻ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ውስጥ ያለው 40 ሜትር ርዝመትና 160 ሺህ ሊትር ውኃ ያለው አኳሪየም ነው። የኔው 40 ሊትር ነው። አማኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር እየለቀቀ ነበር የሚያሳድጋቸው፤ ይህ ለተማሪ ኪስ አይሆንም። ለኛ የሚቀርበው ዳያና ዋልስታድ የምትባል አሜሪካዊት በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ያስተማረችው መንገድ ነው፦ ከሥር ተራ አፈር፣ ብዙ ዕፅዋት፣ ጥቂት ዓሣ።

መስታወቱን ያስቆረጥኩት ከተማ ካለ መስታወት ቤት ነው፤ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሆኖ በሲሊኮን ተጣበቀ። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የተጨመረበት መሆን የለበትም፣ ዓሣ ይገድላል። ጠረጴዛውንም አደራ፤ ከነአፈሩና ከነድንጋዩ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አፈሩ ማዳበሪያም የተባይ መድኃኒትም ያልነካው መሆን አለበት። ነፍቼ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አነጠፍኩት፤ በላዩ ያንኑ ያህል የታጠበ አሸዋ። ከዚህ ከወፈረ ከሥር አየር ያጣና ይገማል። አሸዋውን ማጠብ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። ውኃው እስኪጠራ ስንት ባልዲ እንደደፋሁ አከራያችን እማማ ቆጥረዋል፣ እኔ አልቆጠርኩም።

ከሁሉ የወደድኩት ድንጋይ መደርደሩን ነው። ባሕር ዳር ያለ ሰው ድንጋይ አይቸገርም፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋያችን ውኃውን አይለውጠውም። የማታውቁት ድንጋይ ከሆነ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ ካረፋ ኖራ አለውና ውኃውን ያጠነክራል፣ ተዉት። ጃፓኖቹ ቁጥሩን ጎዶሎ ያደርጉታል፦ ሦስት ወይም አምስት። ትልቁ መሐል አይቀመጥም፣ ወደ አንድ ጎን ይጠጋል፣ ትንሽም ይዘማል። ሌሎቹ ወደዚያው ያዘነብላሉ፣ አንድ ወራጅ ውኃ ሁሉንም እንደገፋቸው። አሸዋው ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ሲል ትንሿ ሣጥን ጥልቀት ያላት ትመስላለች። ከፊት ባዶ ቦታ ይቀራል። የክፍል ጓደኛዬ ያንን ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር "እዚህ ጋ አንድ ነገር ይጨመር" ይላል። አይጨመርም። ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። ውኃ ሳልሞላ ድንጋዮቹን አራት ቀን ሳዟዙር ከረምኩ፤ የዲዛይን ትምህርት ያልተማረ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ዕፅዋቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ፣ በራሰ ጋዜጣ ተጠቅልለው። ለጀማሪ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዱ አይቀበርም፣ ይበሰብሳልና፣ በክር ድንጋይ ላይ ይታሰራል። ቫሊስኔሪያ ረጅም ሣር ይመስላል፣ ከኋላ ይተከላል። ሆርንዎርት ሥር የለውም፣ እየተንሳፈፈ ያድጋል፤ በኛው ጣናም አለ። ክሪፕቶኮሪን በተተከለ በሳምንቱ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሥሩ ደኅና ከሆነ አዲስ ቅጠል ያወጣል። መብራቱ ተራ የኤልኢዲ አምፖል ነው፣ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት። ከዚያ ሲበልጥ መስታወቱን አልጌ ይወርሰዋል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የሸጠልኝ ሰው "ዛሬውኑ ዓሣ ጨምርበት" ብሎኝ ነበር፤ መቼስ ነጋዴ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህኛው ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ ዕፅዋቱም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። በየሁለት ቀኑ ቆንጥሬ የዓሣ ምግብ እጥልበታለሁ፣ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት እንዲያገኙ፤ በመመርመሪያ ወረቀት እለካለሁ። ቤት የመጣ ሁሉ "ዓሣው የታለ?" ይላል። አንዱማ "ለቅጠል ነው እንዴ ይሄ ሁሉ መብራት?" ብሎ ስቆብኛል።

ድመት አስራ ሳታበላትም ሳትለቃትም ስለሞተችባት ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ዓሣም ከመስታወቱ ወጥቶ የተሻለ ውኃ መፈለግ አይችልም፤ ያለው ውኃ እኛ ያዘጋጀንለት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስድስት ሳምንቱን የማልደራደርበት። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ካነበቡ በኋላ አምስት ጉፒ አስገባሁ፣ ሁሉም ወንዶች። ሴት ከተቀላቀለች በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፤ ሣጥኑ አይበቃም።

በየሳምንቱ የውኃውን ሩብ ያህል እቀይራለሁ። የቧንቧውን ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድረዋለሁ። የሚወጣው ውኃ አይደፋም፤ ለእማማ ጤና አዳም ማጠጫ ይሆናል። እሳቸውም በአሸዋው ዘመን የደፋሁትን ይቅር ያሉኝ በዚህ ነው መሰለኝ።

አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፣ የአየር ፓምፑም ቆመ። ለሱብሒ ስነሳ በስልክ ብርሃን አየኋቸው፤ አምስቱም ውኃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ። ዕፅዋት ቀን ኦክስጅን ቢያወጡም ሌሊት እነሱም ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ከንጋት በፊት ያለው ሰዓት ለዓሣ ክፉ ነው። በኩባያ ከሣጥኑ እየቀዳሁ ከከፍታ መልሼ አፈሰስኩት፤ እያንዳንዱ ጠብታ አየር ይዞ ይገባል። ጓደኛዬም ተነስቶ ተረዳዳን። ከሰገድን በኋላም ቀጠልን። ፀሐይ ወጥቶ ዕፅዋቱ ሥራ ሲጀምሩ ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። አንድም አልሞተም፣ አልሃምዱሊላህ። አሥራ አምስት ዓሣ ቢሆን ኖሮ ኩባያ አያድናቸውም ነበር።

አሁን ወደ ሰኔ ልመለስ። አንድ ልጅ "ስትመረቅ ጣና ልቀቃቸው፣ ነፃ ይውጡ" ብሎኛል፤ ልቡ ደግ ነው። ግን እምቦጭን አስቡ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ስለሚያምር ሰው ከአገር አገር ይዞት ዞረ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ በይፋ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ስንት ገበሬና ስንት ተማሪ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደነቀለው ታውቃላችሁ። ጣና ውስጥ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 የሚበልጡ የባርባስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከአኳሪየም የወጣ ዓሣም ሆነ የተገረዘ ቅጠል ወደ ሐይቅ፣ ወደ ዓባይ፣ ወደ ቦይ አይጣልም። እኔ ግርዛፊውን ፀሐይ ላይ አድርቄ ነው የምጥለው።

ስለዚህ የምፈልገው ከመጀመሪያ ወይም ከሁለተኛ ዓመት አንድ ሰው ነው፤ ክረምት ላይ ቤተሰብ ጋ ሲሄድ የሚያይለት ሰው ያለው፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ያለው። ከአሁን ጀምሮ ቅዳሜ ከዓስር በኋላ እየመጣ ውኃ መቀየሩን አብሮኝ ይለማመድ። የራሳችሁን ከዜሮ መጀመር የምትፈልጉም ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ፤ ሆርንዎርት ሞልቷል፣ በነፃ ነው። ዓሣ ግን ከኔ የሚያገኝ የለም፣ ስድስት ሳምንቱን ቆጥሮ መመርመሪያ ወረቀቱን ካላሳየኝ።