የበድር ምርኮኞችና የእኛ እጩ መምህራን

ከበድር ዘመቻ በኋላ በሙስሊሞች እጅ የወደቁት የቁረይሽ ምርኮኞች ሁሉም ባለጸጎች አልነበሩም። የሚከፍለው ቤዛ ያጣ፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችል ምርኮኛ አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት እንዲያስተምርና ያም እንደ ቤዛ እንዲቆጠርለት ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መፍቀዳቸው በሲራ ተዘግቧል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ምርኮኛው ነጻ የሚወጣው ይህን ያህል ቀን ስላስተማረ አልነበረም፤ ልጆቹ ጽሕፈቱን ሲችሉ ነበር። ያውም አስተማሪው ሙሽሪክ ሆኖ ሳለ!

ይህ ታሪክ የሚታወሰኝ እኔ በማስተምርበት የመቐለ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ለተግባር ልምምድ የሚመጡ እጩ መምህራንን ስቀበል ነው። እነዚህ ወጣቶች በሒሳብ፣ በባዮሎጂ ወይም በሌላ ትምህርት ዲግሪያቸውን ይዘው የማስተማርን ሙያ ሊማሩ የመጡ ናቸው። ዲግሪ ለያዙ እንዲህ ያለው የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ሥልጠና በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ነበር የተጀመረው። የሚጠበቅባቸውም ቀላል አይደለም። የነባር መምህራንን ክፍል ገብተው ይታዘባሉ፤ ለሚያስተምሩት ክፍለ ጊዜ ሁሉ ዕቅድ ያወጣሉ፤ የዋሉበትን በማስታወሻ ይይዛሉ፤ በክፍላቸው ባዩት ችግር ላይ ተግባራዊ ምርምር ይሠራሉ። ሁሉንም በአንድ ፖርትፎሊዮ አድርገው ያስረክባሉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሳይደክሙበት የሚያገኙበት አቋራጭ አለ። የተዘጋጀ ምርምር ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀምጦ የሚሸጥ ጽሕፈት ቤት ከተማ ውስጥ አይጠፋም። «የተማሪዎች የማርፈድ ችግር» የሚለውን ጥናት እኔ ብቻ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የተለወጠው የት/ቤቱና የባለቤቱ ስም ነው። ወላጆችም አንዳንዴ እንገፋፋለን። «ወረቀት ነው፣ ጨርስና ደመወዝህን ያዝ» እንላለን። ግን በዚያ ወረቀት የሚገኘው ደመወዝ እኮ ለዓመታት የሚበላ ነው! ልጆቻችንን የምናበላው ከዚያ ነው። ሑክሙን ለዑለማዎች ልተው። እኔ የማውቀው መምህሩ ችግሩን ሳያይ ያለፈው ልጅ ምን ሆኖ ወደ እኔ እንደሚመጣ ነው።

በትግራይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ት/ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ዳግም መከፈት የጀመሩት በ2015 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጁ በቁመትና በዕድሜ አድጓል፤ ትምህርቱ ግን ካቆመበት አልተነቃነቀም።

ከተማሪዎቻችን መካከል በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ የነበረች አንዲት ልጅ አለች። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች የወር ደመወዝ ያገኙበት ቦታ ነበር። እሷም ቤተሰቧን ለመርዳት ትምህርቷን አቋርጣ ገባች። ጦርነቱ ፓርኩን ሲያቆመው ሥራዋም ቆመ። አሁን ሒጃቧን አስተካክላ ከታናናሾቿ ጋር ዘጠነኛ ክፍል ከኋላ ትቀመጣለች።

ባለፈው ዓመት የመጣው እጩ መምህር ሒሳብ የተመረቀ ሙስሊም ወጣት ነበር። የመጀመሪያ ዕቅዱ እንከን አልነበረውም፤ ዓላማው፣ የመጽሐፉ ገጽ፣ ደቂቃው ሁሉ በቦታው። ርዕሱ ኳድራቲክ እኩልዮሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አልጥም ብሎት አሥር ጥያቄ ያለው የክፍልፋይ ፈተና ሰጠ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ግማሽንና ሲሶን መደመር አቃታቸው። ያቺ ልጅ ወረቀቷን ስትመልስለት «ቲቸር፣ ፓርክ እያለን የተበላሸ ስፌት ተቆጣጣሪዋ ትመልስልን ነበር። እዚህ ግን ዝም ብለው ያሳልፉናል» አለችው።

ማታ ስልክ ደወለልኝ። «መምህር፣ ወደ ክፍልፋይ ከተመለስኩ ከዕቅዴ ሁለት ሳምንት እዘገያለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሊያየኝ የሚመጣው በዚሁ መሐል ነው» አለ። ፍርሃቱ ገብቶኛል። አባቱ የሉም፤ እናቱና ሦስት ታናናሾቹ የእሱን ደመወዝ ይጠብቃሉ። «ዕቅድህን ለውጥ፤ የለወጥክበትንም ምክንያት ከፈተናው ወረቀት ጋር አያይዘህ ጻፍ። ምርምርህም ይኸው ነው» አልኩት። ይህን ስለው ማርኩ እንደሚነካ አውቅ ነበር። እሱም አውቆ ነው የገባበት።

የፈራነው አልቀረም። እንግዳው ከኋላ ተቀምጦ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ዳቦ በሥዕል ሲቆረስ አየና «ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር መጣጣም» በሚለው ሣጥን ዝቅተኛውን ሞላ። በሰውየው አልፈርድም፤ በእጁ የያዘው ቅጽ የጠየቀውን ነው የመለሰው። ቅጹ ስለ ድምፅ፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም፣ ስለ አለባበስ እንኳ ይጠይቃል። ልጆቹ ቻሉ ወይ? የሚል ሣጥን የለውም። እኔ በበኩሌ ከጀርባው የሁለቱን ፈተናዎች ውጤት ጎን ለጎን ጽፌ ፈረምኩበት። በሁለተኛው ፈተና ያቺ ልጅ ከአሥር ስምንት አግኝታ ነበር።

ወጣቱ ከጓደኞቹ ያነሰ ውጤት ይዞ አለፈ። ጥናትን በገንዘብ ከገዙት መካከል ከሱ የበለጠ ያገኘ ነበር፤ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ እንጂ አላማረረም። አሁን በገጠር ወረዳ ያስተምራል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ለእናቱም ይልካል። የምርምሩ አንድ ቅጂ ከእኛ ዘንድ ቀርቷል። ዘንድሮ የመጡት ሁለት እጩ መምህራን የመጀመሪያ ዕቅዳቸውን ከመጻፋቸው በፊት እነዚያን አሥር ጥያቄዎች አባዝተው ክፍል ገቡ።