ብርዱን አትክሰሱት

ካራማራ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የካቲት 1970 ነው፤ የዚያድ ባሬ ጦር ተመትቶ ጅግጅጋ ነፃ የወጣችበት ውጊያ። ከጅግጅጋ ጭኖ ወደ ሐረር ለሚወጣ ሾፌር ግን ካራማራ ማለት ከከተማው እንደወጣ፣ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ የሚገጥመው ዳገት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ የጅግጅጋ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሊነጋጋ ሲል መኪና የሚያድርበት ግቢ ብትገቡ ሞተሪኖው ሲያቃስት፣ ረዳቶች ለስፒንታ ሰው ሲለምኑ፣ ከማርሚታ ነጭ ጭስ ሲትጎለጎል ታያላችሁ። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው፦ «ናፍጣው በብርድ ረግቶ ነው!»

ናፍጣ በብርድ መርጋቱ ሐሰት አይደለም። በውስጡ ሰም አለ፤ ብርድ ሲጠና ሰሙ ይደፈርስና ፊልትሮ ይዘጋል። አውሮፓውያን ለክረምታቸው ለብቻው የተዘጋጀ ናፍጣ የሚሸጡት ለዚህ ነው። የእኛ ብርድ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። የእኛ ጣጣ ውሃና ቆሻሻ ነው።

ግማሽ ሆኖ ያደረ ሰርባቶዮ ባዶ ክፍሉ አየር ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጠል ሆኖ ግድግዳው ላይ ይይዝና ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚሳበውም እሱ ነው። ማደያ ላይ ናፍጣ ጠፍቶ ከበርሜልና ከጄሪካን የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ዝገቱም አሸዋውም አብሮ ይገባል፤ ላምባ ተቀላቅሎበትም ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ፖምፓው በአብዛኛው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃ ወይም ላምባ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋተጋል። በበርሜል ናፍጣ የተረፈች ብር ለፖምፓ ጥገና የምትሄደው እንዲህ ነው።

ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ ብሎን ፈታ አድርጋችሁ ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አንጠባጥቡ። ጠርሙሱን አቁማችሁ ጠብቁት። ናፍጣው ከላይ ጠርቶ ይቆማል፤ ውሃው ከሥር እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ይሰበሰባል። ካያችሁት ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ በእጅ ፓምፑ አየር አውጡ።

ውሃ ከሌለ ወደ ሞተሩ እንሂድ። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው የታመቀ አየር ናፍጣውን እስኪያቀጣጥል ድረስ ሲግል ነው። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ቀስ እያለ ካዞረ፣ ወይም ፋሻው አልቆ እምቅታው ከሾለከ፣ አየሩ አይግልም። ማሞቂያ ካንዴላ ያለው አይሱዙ ከሆነ የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስለው መብራት እስኪጠፋ መታገሥ ነው። ብዙ ሾፌር አይታገሥም።

ጭሱም ይናገራል። ጠዋት የወጣ ነጭ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን አስፈትሹ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ኖዝሉ ናፍጣ ያበዛል።

ካራማራ ደግሞ የጠዋቱን ፈተና ያለፈውን ያጣራል። ሜዳ ላይ ደህና የሚሄድ መኪና ዳገቱ ላይ ጉልበት ካጣ አስቀድሞ የናፍጣ ፊልትሮ ነው የሚጠረጠረው። ሜዳ ላይ ጥቂት ናፍጣ ይበቃል፤ ጭነትና ዳገት ሲገናኙ ግን የተደፈነ ፊልትሮ አያደርስም።

ስለዚህ ናፍጣው ረግቷል ብሎ ሰርባቶዮ ሥር እሳት ማንደድ ይቅር፤ ያቃጥላል። ናፍጣ ውስጥ ቤንዚን መቀላቀልም ይቅር፤ ፖምፓ ይበላል፣ ለእሳትም ያጋልጣል። ማታ ማደያ ከተገኘ ሞልቶ ማደር ይሻላል።

«ከተገኘ» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ናፍጣ በድንበር በኩል በኮንትሮባንድ እንደሚወጣ መንግሥት ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ከሐምሌ 2014 ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ዋጋውም ወጥቷል። ሾፌሩ ወዶ አይደለም ወደ በርሜል የሚሄደው። ማደያው ደርቆ በርሜሉ ሞልቶ በሚያድርበት ከተማ የሞተሩን ብልሽት በብርድ ማሳበብ የሚጠቅመው በርሜሉን ለሚሞላው ሰው ብቻ ነው።