ደረቱ ይንቀሳቀሳል ወይ?

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል የሌሊት ቴክኒሻን ነኝ። ሰው ተኝቶ እስኪነጋ ትንፋሹን እከታተላለሁ። ወገኖቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ከሥራዬ የተማርኩትን እነሆ።

1. ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆም አፕኒያ ብለን እንመዘግባለን፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል። የምለየው በታካሚው ደረትና ሆድ ላይ በማስራቸው ሁለት ቀበቶዎች ነው። በአፍንጫው አየር አይገባም፣ ደረቱና ሆዱ ግን ይታገላሉ? ምላስና የጉሮሮ ሥጋ ላልቶ መንገዱን ዘግቶታል ማለት ነው። አየሩም ቀበቶዎቹም አብረው ጸጥ ካሉ ግን አንጎል የመተንፈስ ትእዛዝ አልላከም፤ ይህ ማዕከላዊ ይባላል። በጸጥታ ጀምሮ በትግል የሚያልቀው ደግሞ ቅይጥ ነው።

2. አለማንኮራፋት ከአፕኒያ ነጻ መሆን አይደለም። ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው በኃይል ያንኮራፋል፣ ድንገት ዝም ይላል፣ ከዚያ ታፍኖ እንደተለቀቀ ሰው ይባንናል። ማዕከላዊው ብዙ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። የልብ ድካም ያለባቸው አንድ አባት ሲመጡ ልጃቸው «አባዬ እኮ አያንኮራፉም፣ ለምን ላኳቸው?» አለችኝ። ሌሊቱን ትንፋሻቸው እየጎላ ሄዶ ያንሳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ቼይን እ.ኤ.አ. በ1818፣ ስቶክስ በ1854 የገለጹት፣ በስማቸውም የሚጠራው አተነፋፈስ ነው። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያክመው ልብን ነው።

3. «የወንድሜ ሲፓፕ ማሽን ተርፏል፣ አዲስ አበባ ለእማዬ ልላክላት?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ደግነታቸው ልቤን ይነካዋል፤ ሳትመረመር ግን አይሆንም እላለሁ። ኮሊን ሱሊቫን ሲድኒ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳወቀው ሲፓፕ፣ አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ችግሩ የአንጎል ትእዛዝ ከሆነ ለአንዳንዱ ቢረዳም ለብዙዎች አይበቃም። ግፊቱም ለየሰው ይለካል። እንዲያውም በአንዳንድ ሰው ላይ ሲፓፑ ራሱ ማዕከላዊ መቋረጥ ያስነሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይጠፋል፣ ተከታታይ ሐኪም ግን ይፈልጋል። ትንፋሹን እየተከተለ ግፊቱን የሚለዋውጥ ሌላ ማሽንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሰርቭ ኤችኤፍ የተባለ ጥናት፣ ይህ ማሽን ልባቸው ደም የመርጨት አቅሙ በደከመና ማዕከላዊው በሚያይልባቸው ሕሙማን ላይ በልብ ሕመም መሞትን እንደጨመረ አሳይቷል። ለእናት የሚላክ ነገር እንዲህ በግምት አይላክም።

4. የሞርፊን ወገን የሆኑ የሕመም ማስታገሻዎች የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ትንፋሽን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ያዳክማሉ።

5. የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን መንጃ ፈቃድ እንነጠቃለን ብለው ምርመራ ይሸሻሉ። ታክሞ ማሽኑን በየሌሊቱ የሚያደርግ ሰው ግን ይነዳል፤ ስንት ሰዓት እንደተጠቀመበት መሣሪያው ራሱ ይመዘግብለታል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይመረመር መሪ ላይ የሚያንቀላፋው ነው።

6. የምርመራው ወረቀት ላይ ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንዳነሰ ይጻፋል። ከ5 በታች ደህና፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ዓይነቱን አይናገርም። ከሐኪሙ ፊት ሳትነሡ «ከዚህ ውስጥ ማዕከላዊው ስንቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።